የናፍጣ ፒክአፕ ተሽከርካሪዎች ትክክለኛ የነዳጅ ፍጆታ፦ አለካክ፣ አወሳሰንና አጠባበቅ

የናፍጣ ፒክአፕ ተሽከርካሪ በመስክ ሥራ፣ በግንባታ፣ በጤናና በግብርና አገልግሎት በስፋት የሚያገለግል ተሽከርካሪ ነው። ተሽከርካሪው በአንድ ሊትር ናፍጣ ስንት ኪሎ ሜትር ይጓዛል የሚለው ጥያቄ ሦስት ወገኖችን ይመለከታል። ገዢው የሚገዛውን ተሽከርካሪ የሚመርጠው፣ መሥሪያ ቤቱ የነዳጅ በጀቱን የሚይዘው፣ አሽከርካሪውም ለወሰደው ነዳጅ የሚጠየቀው በዚሁ መልስ ላይ ተመሥርቶ ነው። በመሆኑም መልሱ ከአምራቹ መግለጫ ወይም ከሰሚ ሰሚ የተገኘ ሳይሆን ተሽከርካሪው በሚሠራበት መንገድ ላይ የተለካ ሊሆን ይገባል። ይህ ጽሑፍ የልኬቱን አሠራር፣ ፍጆታን የሚለዋውጡ ምክንያቶችንና ልኬቱ በሥራ ላይ የሚውልበትን አግባብ ያብራራል።

የአምራቹ አኃዝ ምን ይገልጻል?

አምራቾች በሽያጭ መግለጫቸው ላይ የሚያሰፍሩት የነዳጅ ፍጆታ በቤተ ሙከራ የሚገኝ ነው። ተሽከርካሪው በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ቆሞ፣ አስቀድሞ በተወሰነ ፍጥነትና ጊዜ እንዲሠራ ተደርጎ ይለካል። የዚህ አሠራር ዓላማ የተለያዩ ተሽከርካሪዎችን በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር እንጂ ባለንብረቱ በመንገድ ላይ የሚያገኘውን ውጤት ዋስትና ለመስጠት አይደለም።

በአውሮፓ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ኤን.ኢ.ዲ.ሲ. የተባለው የፍተሻ ሥርዓት 20 ደቂቃና 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሚሸፍን ነበር። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደብሊው.ኤል.ቲ.ፒ. በተባለው፣ 30 ደቂቃና 23 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚወስደው ሥርዓት መተካት ጀመረ። አዲሱ ፍተሻ ከቀድሞው ይልቅ ለመንገድ ሁኔታ የቀረበ ቢሆንም ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አላስወገደም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረገው መረጃ መሠረት፣ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪናዎች በመንገድ ላይ የሚያሳዩት ፍጆታ በፍተሻ ከተመዘገበው በአማካይ 20 በመቶ ገደማ የበለጠ ነው።

ስለዚህ ሁለት ተሽከርካሪዎችን የሚያነጻጽር ገዢ የሁለቱም አኃዝ በአንድ ዓይነት የፍተሻ ሥርዓት የተገኘ መሆኑን ማረጋገጥ ይኖርበታል። የአንዱ በቀድሞው፣ የሌላው በአዲሱ ሥርዓት የተለካ ከሆነ ንጽጽሩ የተሳሳተ ይሆናል።

ከሙሉ እስከ ሙሉ የመለካት ዘዴ

ትክክለኛውን ፍጆታ ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የነዳጅ ማደያ፣ የተሽከርካሪው የኪሎ ሜትር ቆጣሪና የጉዞ መዝገብ በቂ ናቸው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፦

1. ተሽከርካሪው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ፣ የማደያው መቅጃ በራሱ እስኪዘጋ ድረስ የነዳጅ ታንኩ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ነዳጅ አይጨመርም።
2. በቆጣሪው ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር ከቀኑ ጋር ይመዘገባል።
3. ተሽከርካሪው የዘወትር ሥራውን እያከናወነ ቢያንስ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል።
4. የሚቻል ከሆነ በዚያው ማደያና በዚያው መቅጃ፣ በተመሳሳይ አኳኋን እንደገና ይሞላል፤ የተቀዳው ሊትርና አዲሱ የቆጣሪ ንባብ ይመዘገባሉ።
5. የተጓዘው ኪሎ ሜትር በሁለተኛው ጊዜ ለተቀዳው ሊትር ይካፈላል።

ለምሳሌ 414 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 46 ሊትር የተቀዳ ከሆነ፣ ውጤቱ 9 ኪሎ ሜትር በሊትር ወይም በ100 ኪሎ ሜትር 11.1 ሊትር ነው። አንድ ልኬት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ታንኩ ሲሞላ በሚፈጠር የአንድ ሁለት ሊትር ልዩነት ምክንያት ውጤቱ ሊዛባ ይችላል። በመሆኑም ልኬቱ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ሦስቱን ውጤቶች በማዳመር አማካይ ሲወሰድ የሚፈጸም የተለመደ ስሕተት አለ። ትክክለኛው አሠራር ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩን ለጠቅላላ ሊትሩ ማካፈል ነው። ለአብነት አንድ ተሽከርካሪ 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 12፣ ሌላ 100 ኪሎ ሜትር በሊትር 8 እየሄደ ቢጓዝ አማካዩ 10 አይደለም። የተጠቀመው 8.3 እና 12.5 ሊትር፣ በድምሩ 20.8 ሊትር ስለሆነ ትክክለኛው አማካይ 9.6 ነው።

ቆጣሪው ራሱ ትክክል መሆኑም መረጋገጥ አለበት። ከፋብሪካው መጠን በዙሪያ 3 በመቶ የሚበልጥ ጎማ የተገጠመለት ተሽከርካሪ 412 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ቆጣሪው 400 ብቻ ያሳያል፤ ፍጆታውም ከእውነቱ የባሰ መስሎ ይታያል። በመንገድ ዳር በተተከሉ የኪሎ ሜትር ምልክቶች ወይም በስልክ የአቅጣጫ ጠቋሚ በማነጻጸር ልዩነቱን ማወቅ ይቻላል።

የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚፈጸም በመሆኑ፣ በስልክ የሚደርሰው የክፍያ መልእክት ቀንና የገንዘብ መጠን ለማመሳከር ይረዳል። ሆኖም የነዳጅ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ፍጆታ በብር ሳይሆን በሊትር ሊመዘገብ ይገባል።

የሚጠበቀው ውጤት

ከ2.4 እስከ 3.0 ሊትር የሞተር መጠን ያላቸውና ተርቦ የተገጠመላቸው፣ እንደ ቶዮታ ሃይሉክስና ኢሱዙ ዲ-ማክስ ያሉ ደብል ጋቢና ፒክአፖች ብዙውን ጊዜ የሚከተለውን ውጤት ያሳያሉ፦

- በአስፋልት መንገድ፣ በመካከለኛና በተረጋጋ ፍጥነት፣ ያለ ከባድ ጭነት፦ ከ11 እስከ 14 ኪሎ ሜትር በሊትር፤
- ከተማና ገጠርን በቀላቀለ ጉዞ፦ ከ9 እስከ 11 ኪሎ ሜትር በሊትር፤
- በተጨናነቀ የከተማ መንገድ፦ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ሜትር በሊትር፤
- በጠጠርና በዳገታማ መንገድ ከጭነት ጋር፦ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር በሊትር።

እነዚህ አኃዞች ለመነሻ ግምት የቀረቡ ሲሆኑ የራስን ልኬት አይተኩም። በተመሳሳይ ዓመት የተሠሩ ሁለት ተሽከርካሪዎች እንኳ በአያያዝና በስምሪት ልዩነት የተለያየ ውጤት ያሳያሉ።

ፍጆታን የሚለዋውጡ ምክንያቶች

ዳገት። በኢትዮጵያ መልክዓ ምድር ከፍተኛ ልዩነት የሚፈጥረው ይህ ነው። ከነጭነቱ 2.5 ቶን የሚመዝን ፒክአፕ በየ1,000 ሜትር ከፍታ ሲወጣ፣ በደልዳላ መንገድ ከሚያስፈልገው በተጨማሪ 2 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠቀማል። በጎሃ ጽዮንና በደጀን መካከል የዓባይን ሸለቆ የሚያቋርጥ ተሽከርካሪ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ ስለሚወጣ፣ በካርታ ላይ አጭር በሚመስል ርቀት ብዙ ነዳጅ ያወጣል።

ከፍታ። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አራተኛ ያህል ያነሰ ነው። ተርቦ የሌላቸው የቆዩ ሞተሮች በዚህ ምክንያት ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ የነዳጅ ፓምፓቸው ለከፍታው ካልተስተካከለም ያልተቃጠለ ነዳጅ በጥቁር ጭስ መልክ ያስወጣሉ። ተርቦ ያላቸው ሞተሮች ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳሉ። በሌላ በኩል የሳሳ አየር ተሽከርካሪውን የሚገታው በጥቂቱ ስለሆነ፣ በደጋ ደልዳላ መንገድ ላይ ከፍታው ብቻውን ፍጆታን ያንራል ማለት አይቻልም።

ፍጥነት። የአየር ግፊያ ከፍጥነት ይልቅ በእጅጉ ፈጥኖ ይጨምራል። ፍጥነት በሰዓት ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሲያድግ የአየር ግፊያው በ56 በመቶ ይጨምራል። ፒክአፕ ከፍ ያለና አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው በመሆኑ ጉዳቱ ይበልጥ ይሰማዋል። ባዶ ፖርቶ መጋላ ጭኖ መጓዝም ግፊያውን ይጨምራል።

ቆሞ መሥራት። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ናፍጣ ይጠቀማል። በቀን ሁለት ሰዓት፣ በወር 25 ቀን በዚህ ሁኔታ የሚቆም ተሽከርካሪ አንድም ኪሎ ሜትር ሳይጓዝ ከ25 እስከ 50 ሊትር ይጨርሳል።

ጎማና ፍሬን። የጎማ ንፋስ ከሚገባው በታች ሲሆን የመንከባለል ግጭት ይጨምራል። ትክክለኛው መጠን ብዙውን ጊዜ በአሽከርካሪው በር ማዕዘን ላይ ይጻፋል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ ነው። ከአጭር ጉዞ በኋላ አንዱ የጎማ ቼርኬ ከሌሎቹ ይበልጥ የሚሞቅ ከሆነ ፍሬኑ ይዞ መቅረቱን ያመለክታል።

የአራት ጎማ ጉልበት። ፎር ዊል ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለሚያንሸራትት መንገድ የታሰበ ነው። በአብዛኞቹ ፒክአፖች ላይ በደረቅ አስፋልት ሲሠራበት ነዳጅ ያባክናል፣ ጎማና ጥርሶችንም ይጎዳል።

ጥገና። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ፣ ያረጀ ኖዝል፣ በነዳጅ ውስጥ የገባ ውኃና ቆሻሻ ፍጆታን ይጨምራሉ። ጥቁር ጭስ አየር ማነሱን ወይም ነዳጅ መብዛቱን፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል።

ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የሚፈጸም አደገኛ ልማድ

ቁልቁለት ላይ ማርሽ ነጻ አድርጎ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው አስተሳሰብ የተሳሳተ ነው። ማርሽ ገብቶ የነዳጅ መርገጫው ሲለቀቅ፣ የናፍጣ ሞተር ነዳጅ መውሰድ ያቆማል፤ ተሽከርካሪው ራሱ ሞተሩን ያሽከረክረዋል። ማርሹ ነጻ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መውሰዱን ይቀጥላል። ከዚህም በላይ ነጻ ማርሽ የሞተሩን የማዘግየት ኃይል ስለሚያሳጣ ክብደቱ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በረጅም ቁልቁለት ፍሬኑ ግሎ ሊከዳ ይችላል። ስለሆነም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ መውረድ ለነዳጅም ለሕይወትም የተሻለው አሠራር ነው።

ልኬቱ በመሥሪያ ቤቶች የሚውልበት አግባብ

የስምሪት ክፍሎች ነዳጅ የሚያድሉት በሊትር ይህን ያህል ኪሎ ሜትር በሚል መነሻ ነው። መነሻው ከአምራቹ መግለጫ በቀጥታ ከተወሰደ ንጹሕ ሰው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። በወር 2,600 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ተሽከርካሪ መነሻው 13 ኪሎ ሜትር በሊትር ቢደረግለት 200 ሊትር ይፈቀድለታል። በተግባር 9 የሚሄድ ከሆነ ግን 289 ሊትር ያስፈልገዋል። አሽከርካሪው በዳገትና በጠጠር መንገድ ላለቀው 89 ሊትር በየወሩ ማብራሪያ እንዲሰጥ ይገደዳል።

ተቃራኒውም ጉዳት አለው። ለዚሁ ተሽከርካሪ መነሻው 7 ቢደረግ 371 ሊትር ይፈቀዳል፤ ከ80 ሊትር በላይ የሚሆነው ትርፍ ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ አይኖርም። ልል መነሻ ብክነትን ይሸፍናል፣ ጥብቅ መነሻ ደግሞ ቅን ሠራተኛን ይከሳል።

ስለዚህ መነሻ ሲወሰን የሚከተሉት ነጥቦች ሊሟሉ ይገባል፦

- ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ በሠሌዳ ቁጥሩ የተለየ መነሻ ይያዝለት፤
- ልኬቱ አሽከርካሪውና የስምሪት ክፍሉ ተወካይ ባሉበት፣ ከሙሉ እስከ ሙሉ ባለው ዘዴ ይከናወን፤
- ለከተማ፣ ለአስፋልትና ለጠጠር መንገድ የተለያየ መነሻ ይኑር፤
- ከከባድ ጥገና፣ ከጎማ ለውጥና ከስምሪት ቦታ ለውጥ በኋላ ልኬቱ ይታደስ፤
- ቆሞ የተሠራበት ሰዓት በጉዞ መዝገቡ ላይ ይስፈር።

ፍጆታው ከመነሻው በ10 በመቶና ከዚያ በላይ ከራቀ፣ አስቀድሞ የሚመረመሩት የቆጣሪው ትክክለኛነት፣ የጎማ ንፋስ፣ ፍሬን፣ ፊልትሮና የነዳጅ መስመር ፍሳሽ ናቸው። አሽከርካሪውን ወደ መጠየቅ የሚኬደው እነዚህ ተጣርተው ልኬቱ ከተደገመ በኋላ ሊሆን ይገባል።

ያገለገለ ፒክአፕ ለሚገዙ

ሻጩ የሚናገረው ፍጆታ የተለካበት መንገድና ጭነት ካልታወቀ ለውሳኔ አይበቃም። ገዢው ከክፍያ በፊት በስምምነት ታንኩን አስሞልቶ፣ ዳገትና ከተማን ባካተተ መንገድ ተጉዞ፣ እንደገና በማስሞላት ውጤቱን ቢያይ ይመረጣል። አጭር ጉዞ ትክክለኛ አኃዝ ባይሰጥም ከፍተኛ ጉድለትን ያጋልጣል።

የቁጠባውን መጠን ለመገመትም ኪሎ ሜትር በሊትር ብቻውን ያሳስታል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ሰው ከ8 ወደ 10 ኪሎ ሜትር በሊትር መሻሻል 500 ሊትር ሲያድን፣ ከ12 ወደ 14 መሻሻል የሚያድነው 238 ሊትር ገደማ ነው። ሁለቱም የ2 ኪሎ ሜትር ልዩነት ቢመስሉም የመጀመሪያው ጥቅም ከሁለተኛው በእጥፍ ይበልጣል። አነስተኛ ርቀት በሊትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ ያለው ባለንብረት ከጥገናና ከአነዳድ ማሻሻያ የሚያገኘው ጥቅም ከፍተኛ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። እያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ የተቆጠበው ነዳጅ ከወጪ ባሻገር የአየር ብክለትንም ይቀንሳል።