ባዶው ኦርኬስትራና የቡሄ ተቀባዮች

እ.ኤ.አ. በ1971 ዳይሱኬ ኢኖዌ የተባለ ጃፓናዊ ሙዚቀኛ ድምፃዊ የሌለበትን አጃቢ ዜማ የሚያሰማ መሣሪያ በኮቤ ከተማ ሠራ። ካራኦኬ የሚለው ስም ትርጓሜው «ባዶ ኦርኬስትራ» ነው፤ ባዶውን የሚሞላው ቀድሞ አድማጭ የነበረው ሰው ነው።

ወጣቶችን ተቀብሎ ማዘፈን ግን ለወሎ ደጋ እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ሲሆን፣ በመካነ ሰላምና በቦረና ቀበሌዎች የክርስቲያኑ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ይዞራሉ። አንዱ ያወርዳል፤ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አጃቢያቸው የራሳቸው ድምፅና የዱላቸው ምት ነው። ባለቤቱ ሙልሙል ይሰጣል፤ እነርሱም መርቀው ያልፋሉ።

ልዩነቱ ከግጥሙ ላይ ነው። ካራኦኬ የተዘጋጀ ቃል በቴሌቪዥን መስኮት ያቀርባል፤ ወጣቱም ያነባል። አውራጁ ግን የወረሰውን ግጥም ይዞ ቢነሣም፣ ለቆመበት ደጅ የሚስማማውን ስንኝ እዚያው ያክልበታል።

ለወጣቶች የካራኦኬ ምሽት የሚያሰናዳ መምህር መልካም ያደርጋል፤ ዓይን አፋሩ በዚህ ይደፍራልና። ነገር ግን አምባሰልንና ባቲን የመሰሉ ቅኝቶች በስፍራዎቹ ስም የሚጠሩለት ወሎ፣ ልጆቹ የሰው ቃል አንባቢ ብቻ ሆነው እንዳይቀሩ፣ ከምሽቱ አንዱን ተራ መስኮቱን አጥፍቶ ለአውራጅና ለተቀባይ ይተውላቸው።