የግማሽ ዓመት ካርድ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከአምቦ መጣ። በእጁ ፌስታል፣ በፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ በሁለተኛው ፌስታል ውስጥ ደግሞ አንድ የተጎሳቆለ ማኅደር ይዟል። ዝናብ እንዳይነካው ነው እንዲህ የሸፋፈነው። ማኅደሩ ውስጥ ያሉት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተማረበት ትራንስክሪፕትና የድሮ ሪፖርት ካርዶቹ ናቸው። አንድ የግል ኮሌጅ ሊመዘገብ ፈልጎ ‹‹ጋሼ፣ አብረን እንሂድ›› አለኝና ሄድን።

ሬጅስትራር ቢሮ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። 10ኛ ክፍል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

‹‹ሁለተኛ ሴሚስተርህ የታለ?››

‹‹የለም። ኮሮና ነበር።››

‹‹ኮሮና እኮ ለሁሉም ነው የነበረው!››

እውነቷን ነው። ለሁሉም ነበር። እኔም ለጊዜው የምመልሰው አጣሁ። በመጨረሻ ‹‹ከትምህርት ቤትህ ማብራሪያ ደብዳቤ አጽፈህ ና›› ብላ ሸኘችው። ልጁም በማግስቱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወደ አምቦ ተመለሰ። እኔ ግን ያ ባዶ ዓምድ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። እንዴት ባዶ ቀረ? ማን ወሰነ? ሌላ ምርጫስ ነበር?

ከጅምሩ እንነሣ። በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። መጀመሪያ የተባለው ለ15 ቀን ነበር። ከአምቦ፣ ከጉደርና ከጊንጪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወደ ገጠር የተመለሰው ልጅም ለሁለት ሳምንት የሚሄድ መስሎት ደብተሩን ሳይቀር የተከራየባት ክፍል ውስጥ ጥሎ ነው የሄደው። ከጄልዱ ወይም ከጥቁር እንጪኒ ገጠር መጥቶ ከተማ የሚማር ተማሪ ኑሮው ይታወቃል። ሦስትና አራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ አገር ቤት ገብተው እሑድ ማታ ስንቅ ተሸክመው ይመለሳሉ። ያን ጊዜ ግን የሄዱት ሰባት ወር ቆዩ።

በመላ አገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች በቴሌግራም የቤት ሥራ ላኩ፤ ወላጅም በስልኩ እያወረደ አሠራ። ገጠር ያለው ተማሪ ቴሌግራሙን ተዉት፣ ባትሪ ያለው ሬዲዮ ካገኘም ቀን ቀን ከብት ሲጠብቅ፣ ሚያዝያና ግንቦት ሲደርስ ደግሞ ሲያርስ ነው የሚውለው። እናንተ፣ ያ በ1997 ዓ.ም. ተጀምሮ ስንቱን ያከራከረ የፕላዝማ ትምህርት ትዝ ይላችኋል? መብራት ሲጠፋ መምህሩም ተማሪውም ጥቁር መስታወት ያዩ ነበር። አሁን ደግሞ መስታወቱም የለም።

ከዚያ ሌላ መከራ መጣ። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ሰኔ 25 አምቦ ተቀበረ። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቆየ። አምቦ ከተማ ውስጥ ሆኖ በስልኩ የሚማር ጥቂት ተማሪ ከነበረም የእሱም ነገር በዚሁ አበቃ። በዚያ ሰሞን ስለ ሒሳብ መልመጃ ማን ያስባል? ከተማው ሐዘን ላይ ነበር።

እንግዲህ ዓመቱ በዚህ ሁኔታ አለቀ። ክረምት ገባ፤ መስከረም ሊጠባ ሆነ፤ ተማሪው ግን የተማረው ከመስከረም እስከ ጥር ያለውን አንድ ሴሚስተርና ከሁለተኛው ደግሞ አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ምን ይደረግ?

ትምህርት ሚኒስቴር የወሰነው የሚከተለውን ነው። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በስተቀር ሁሉም በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወር። ትምህርት ሲከፈት የ45 ቀን ማካካሻ ይሰጥ። 8ኛና 12ኛ ክፍሎች ማካካሻውን ተምረው አገር አቀፍና ክልላዊ ፈተናቸውን ይውሰዱ። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ደግሞ ከዚያው ዓመት ጀምሮ ቀድሞውኑ ቀርቶ ነበር። ስለዚህ የአክስቴ ልጅና እኩዮቹ ለ10ኛ ክፍል የሚመሰክርላቸው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ እሱም ያ የግማሽ ዓመት ካርድ ነው።

በዓለም ዙሪያ ያን ጊዜ የተማሪ ነጥብ ያልተጨነቀበት አገር አልነበረም። ጎረቤታችን ኬንያ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ‹‹የዘንድሮው የትምህርት ዓመት እንዳልነበረ ይቆጠር›› አለች። ፈተና ያለባቸው ክፍሎች ቀደም ብለው በጥቅምት ሲገቡ ሌላው ተማሪ በፈረንጆቹ ጥር 2021 ወደነበረበት ክፍል ተመለሰ። እንግሊዞች ደግሞ ፈተናውን ሰርዘው ‹‹መምህራን ይገምቱ፣ ግምቱን ደግሞ ኮምፒዩተር ያስተካክል›› አሉ። ነሐሴ 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ውጤቱ ሲወጣ ከመምህራኑ ግምት 40 በመቶ ያህሉ ወደ ታች ወርዷል። ስሌቱ የትምህርት ቤቱን ያለፉ ዓመታት ውጤት ይመለከት ስለነበር ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ የተማረ ጎበዝ ልጅ በታላላቆቹ ድክመት ተቀጣ። ተማሪው አደባባይ ወጣ። በአራተኛው ቀን መንግሥት ስሌቱን ጥሎ ወደ መምህራኑ ግምት ተመለሰ።

እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን የኒውዮርክ ነው። የከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ውጤቱን ካየ በኋላ ‹‹ነጥቤ እንዳለ ይቀመጥልኝ›› ወይም ‹‹አልፏል ብቻ ተብሎ ይጻፍልኝ›› ብሎ መምረጥ ይችል ነበር። የማለፊያ ነጥብ ያልሞላለትም ‹‹ወደቀ›› አልተባለም፤ ትምህርቱን ገና እየተማረ እንደሆነ ተመዘገበለት። ምርጫው ለባለጉዳዩ ተሰጠ ማለት ነው። የእኛን ልጅ ማን ጠየቀው? እውነት ለመናገር እኛ ቤት ተማሪ ስለራሱ ነጥብ ይጠየቃል ብሎ ያሰበም ያለ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ሚዛናዊ ልሁን። ያን ውሳኔ የወሰኑትን ሰዎች ለመርገም አልቸኩልም። እንደ ኬንያ ሁሉንም ይደግሙ ቢባል ኖሮ፣ ከአምቦ ወደ ጌዶና ወደ ባኮ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ባለው ገጠር ስንት ሴት ልጅ ተድራ ትቀር እንደነበር መገመት ከባድ አይደለም። ክፍል ደግሞ የት ይገኛል? አዲስ 9ኛ ክፍል የሚገባውና የሚደግመው አንድ ላይ ቢገፋ በአንድ ወንበር ስድስት ሊቀመጥ ነው፤ ያውም ተራራቁ በተባለበት ዘመን። ማዛወሩ ግድ ነበር እላለሁ።

ቅሬታዬ ሌላ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ለሁሉም እኩል ሴሚስተር አይደለም። ይህን የምዕራብ ሸዋ መምህር ሁሉ ያውቀዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ጤፍና ስንዴ የሚታጨድበት፣ የሚወቃበት ጊዜ ነው። የገበሬ ልጅ በእነዚህ ወራት ወንበሩ ላይ አይገኝም፤ ቢገኝም እጁ በማጭድ ተልጦ፣ ወገቡ ተቆርጦ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሴሚስተር ዝቅ ይላል፤ በሁለተኛው፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ ሩጫ ሮጦ ይደርሳል። የሁለቱ ድምር ለሁለት ሲካፈል ነው ካርዱ እውነተኛ መልኩን የሚይዘው። የመምህሩ ልጅ፣ የነጋዴው ልጅ፣ የቢሮ ሠራተኛው ልጅ ሁለቱንም ሴሚስተር በአንድ ልብ ይማራል። ታዲያ ‹‹በመጀመሪያው ሴሚስተር ይያዝ›› ሲባል በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል የሆነ ሕግ፣ በመሬት ላይ በአጫጁ ልጅ ላይ ነው የወደቀው። የአክስቴ ልጅ 10ኛ ክፍል አማካይ ውጤቱ 58 ነው። 9ኛ ክፍል በመጀመሪያው ሴሚስተር 57፣ በሁለተኛው 71 ነበረው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እዩዋቸው።

ደግሞ ይህ አካባቢ ለትምህርት መዘጋት እንግዳ አይደለም። አሮጌውን ዘመን ብናነሣ፣ የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. ሲገባ ስለ ካርድ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ዘመናዊ ትምህርት ቤቱ ራሱ በጣት የሚቆጠር ነበርና። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን አውጆ የ11ኛና የ12ኛ ክፍልን ተማሪ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪና ከመምህራን ጋር፣ ወደ 60,000 የሚጠጋ ሰው፣ ገጠር ሲያዘምት ትምህርቱ ለመቆሙ ምክንያቱ መንግሥት ራሱ ነበር። ያ ትውልድ ስለቀረበት ትምህርት ሲያወራ ዛሬም ድምፁ ይቀየራል።

ቅርቡን ግን ብዙዎቻችን ረስተነዋል። ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ስለ ጭልሞ ደንና ስለ ኳስ ሜዳቸው ብለው ሰልፍ ወጡ። ከዚያ ተቃውሞው ወደ አምቦ፣ ከአምቦም ወደ መላ ኦሮሚያ ተዛመተ። በብዙ ቦታ ክፍሎች ለወራት ባዶ ሆኑ፤ የታሰረ ተማሪ ነበር፣ የሞተ ተማሪ ነበር። ግንቦት ሲመጣ 12ኛ ክፍሎች ካልተማሩት መጽሐፍ ሊፈተኑ ሆነ። ‹‹ጊዜ ይሰጠን›› የሚል ጥያቄ ቀረበ፤ ቀኑ ግን አልተነካም። በመጨረሻ ምን ሆነ? ፈተናው ተሰርቆ ፌስቡክ ላይ ወጣ። ያወጡት አክቲቪስቶችም ያደረግነው ትምህርት ያመለጣቸው ልጆች የማጥኛ ጊዜ እንዲያገኙ ነው አሉ። ግንቦት 22 ቀን ፈተናው ተሰረዘ፤ ሐምሌ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘግቶ በአዲስ መልክ ተሰጠ። በልመና ያልተገኘ አንድ ወር ከምናምን በስርቆት ተገኘ ማለት ነው። ስርቆቱን ደግፌ አይደለም። ነገር ግን ‹‹ሳይማር የተፈተነ ልጅ ምን ይደረግ?›› የሚለው ጥያቄ በዚህ መንገድ ላይ ከኮሮና አራት ዓመት ቀድሞ ተነሥቶ እንደነበር ልብ በሉልኝ። ያኔ ቁጭ ብለን መልስ አዘጋጅተን ቢሆን ኖሮ በ2012 ዓ.ም. ከመሳቢያችን የምናወጣው አንድ ወረቀት ይኖረን ነበር።

ወደ ካርዱ ልመለስ። ትምህርት ቤቶች በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ተራ በተራ ተከፈቱ፤ መጀመሪያ ጥቅምት 9 ገጠሩ፣ ከሳምንት በኋላ የዞንና የወረዳ ከተሞች፣ ጥቅምት 30 ደግሞ አዲስ አበባና የክልል ከተሞች። ተማሪው በፈረቃ ገባ። ቤት ክፍሉ ግማሽ፣ ሳምንቱ ግማሽ። ማካካሻውና መደበኛው ትምህርት ተደራረቡና የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አስቸገረ። የ2012ቱ 12ኛ ክፍል በታብሌት ይፈተናል ተብሎ ታብሌቱ ሳይደርስ ቀረ፤ የካቲት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. እንደ ድሮው በወረቀት ተፈተነ። አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው!

የእኛ ልጅ እኩዮች፣ የ2012ቱ 10ኛ ክፍሎች፣ ተራቸው የደረሰው በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተሰጠበት፣ ኩረጃ በሩ የተዘጋበት ነበር። ውጤቱ በጥር ሲነገር አገር ደነገጠ። ከተፈተነው 896,520 ተማሪ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘው 29,909 ብቻ፤ 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፈው ትምህርት ቤት ከሺህ በላይ ነው። የሚቀጥለው ዓመት ተፈታኞች፣ የኮሮናው ዘመን 9ኛ ክፍሎች፣ 27,267 ብቻ አለፉ፤ 3.2 በመቶ። ከእነሱ ቀጥለው የመጡት፣ ያኔ ማካካሻ ተምረው ክልላዊ ፈተና የወሰዱት 8ኛ ክፍሎች፣ 5.4 በመቶ ደረሱ።

ይህን ሁሉ በኮሮና ላላክክ አልፈልግም። የመምህሩ ደመወዝ፣ የመጽሐፉ እጥረት፣ ለዓመታት የተለመደው ኩረጃ፣ በብዙ ቦታ ጦርነቱና ግጭቱ፣ ሁሉም ድርሻ አለው። ከ3.2 እና ከ5.4 ልዩነት ላይ ተነሥቶ ‹‹ማካካሻ የተማሩት ተሻሉ›› ብሎ መደምደምም አይቻልም፤ ፈተናውም ተፈታኙም በየዓመቱ ይለያያል። እኔ የምለው ሌላ ነው። ውጤቱ ሲወጣ በየቴሌቪዥኑ ‹‹የዚህ ትውልድ ስንፍና›› ተባለ። በዚያ ወሬ ውስጥ ‹‹እነዚህ ልጆች እኮ የ10ኛ ክፍልን ግማሽ አልተማሩም›› የሚል ድምፅ በብዛት አልሰማሁም። እኛ አዋቂዎቹ የጎደለውን ግማሽ ሙሉ ነው ብለን ፈርመን አዛወርናቸው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ስለጎደላቸው ወቀስናቸው።

ለመሆኑ ባዶውን ዓምድ በሌላ መንገድ መሙላት አይቻልም ነበር? አስቸጋሪ አልነበረም ባይ ነኝ። ካርዱ ላይ ‹‹በወረርሽኝ ምክንያት ያልተሰጠ›› የሚል አንድ ማኅተም ማሳረፍ ይቻል ነበር። ወይም ተማሪው በ11ኛ ክፍል ካሻሻለ የተሻለው ይያዝለት ማለት ይቻል ነበር። ወይም ያለፈውን ዓመት የሁለተኛ ሴሚስተር ውጤት የሚያውቅ የክፍል ኃላፊ መምህር ሁለት መስመር እንዲጽፍ ማድረግ። አንዱም ገንዘብ አይጠይቅም።

ልጁ በአራተኛው ቀን ከአምቦ ተመለሰ። ደብዳቤው ሦስት መስመር ነው፤ ማኅተም አለው፤ ቁጥርና ቀን አለው። ሬጅስትራሯ አነበበችና ዝም ብላ ቆየች።

‹‹አንተስ 12ኛን ስንት አመጣህ?›› አለችው።

ነገራት። ከሃምሳ በታች ነው።

‹‹እኔም እኮ ያኔ 11ኛ ክፍል ነበርኩ›› አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ። ከዚያ ደብዳቤውን ከትራንስክሪፕቱ ጋር በስቴፕለር አያይዛ፣ ወደሚቀጥለው መስኮት እንዲሄድ በእጇ አመለከተችው።