ጠሐይ፣ ፀሐይ፣ ጣይቱ

ባለፈው ዓመት አንዲት አባላችን፣ እዚህ እትዬ ጠሐይ ልበላቸውና፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ ተመለሱ። ስማቸው በእኛ የቁጠባ ደብተር «ጠሐይ»፣ በመታወቂያቸው «ፀሐይ»፣ በመሬት ደብተራቸው ደግሞ «ጸሃይ» ተብሎ ተጽፏል። «የሦስት ሰው ስም ነው» ተባሉ። እስከ ዘመሮ በእግራቸው ነው የሚመጡት። የቁጠባውን ደብተር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት። ተሳስቼ ይሆን ብዬ የቋንቋውን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ።

ፊደላችንን የወረስነው ከግእዝ ነው። በጥንቱ ግእዝ ጸ እና ፀ ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም እንዲሁ። በአማርኛ ድምፆቹ አንድ ሆኑ፣ ፊደሎቹ ግን ቀሩ። ትግርኛ ተናጋሪ እህቶቻችን «ጸሓይ» ሲሉ ሓን ዛሬም ከጉሮሮ ያወጡታል። በእኛ በኩል ጸ በብዙ ቃል ወደ ጠ ዞረ። የግእዙ «መጽአ» «መጣ» ሆኗል፤ «መጻ» የሚል አማራ አለ? ጸጉርና ጠጉር፣ ጾምና ጦም፣ ጸሎትና ጠሎት ግን ጎን ለጎን ይኖራሉ። በጸ የሚጠራው ከመጽሐፍና ከቤተ ክርስቲያን፣ በጠ የሚጠራው ከእናቶቻችን አፍ የመጣ ነው። ስለዚህ እትዬ ጠሐይ ስማቸውን አላበላሹም። ከቀለም ትምህርት በፊት የነበረውን ያገሩን አማርኛ ነው የተናገሩት።

ፊደል ራሱም ለድምፅ ለውጥ ቦታ ለቋል። ግእዝ ያልነበሩት ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ዠ፣ ጀ እና ጨ የተሠሩት በሰ፣ ተ፣ ነ፣ ዘ፣ ደ እና ጠ ላይ ጭረት በመጨመር ነው። የግእዙ «እድ» በእኛ «እጅ» ነው። በሒሳብ ሥራዬም በየቀኑ አየዋለሁ፦ ሸጠ ሻጭ፣ ገዛ ገዥ፣ ከፈለ ከፋይ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን የእቴጌ ጣይቱ ስም ነው። «ጣይ» ማለት ፀሐይ ነው፤ ፀ ጠ ሆኖ፣ ሐም ጨርሶ ጠፍቶ። አዲስ አበባን የሰየሙት እቴጌ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ በጠ ይጻፋሉ፤ «ፀሐይቱ» ብሎ የሚያርማቸው የለም።

እትዬ ጠሐይ ከቀበሌ «አንድ ሰው ናቸው» የሚል ደብዳቤ አጽፈው በሦስተኛው ጉዟቸው ጉዳያቸው አለቀ። እኔም በመዝገባችን «በመታወቂያ ያለው ስም» የሚል ዓምድ ጨምሬአለሁ። እህቶቼ፣ በሚቀጥለው የቁጠባ ቀን መታወቂያችሁን ይዛችሁ ኑ። የምትጠሩበትን ስም ግን አልሰርዘውም።