ከደብረ ዳሞ ጠፍር እስከ ቤት ሊፍት

እህቶቼ፣ ባለፈው ዓመት ጎረቤት ለቅሶ ለመድረስ አማቴን ከፎቅ ያወረዷቸው አራት ጎረምሶች ናቸው። በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ ይዘዋቸው ነበር። ታች ሲደርሱ እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «እንግዲህ ሳልሞት ቃሬዛ ላይ ወጣሁ» አሉ። እኛ ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ከዚያ ወዲህ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው በሌላው ዘመንና በሌላው አገር ምን ሲደረግለት እንደኖረ ስጠይቅና ሳነብ ቆይቻለሁ።

የወላይታ አያቶቻችን ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ክቡ የሣር ቤት ደረጃ የለውም። ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በሌላው ይሆናል፤ ከበሩ ሲወጡ እንሰቱ ጓሮ ነው። ያረጀች ሴት በምርኩዟ ትደርስበታለች። በቦዲቲ ከሶዶ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ዳር ፎቅ መሥራት የጀመርነው ገና በቅርቡ ነው።

ሰውን ወደ ላይ መሳብ ግን ለአገራችን አዲስ አይደለም። በትግራይ የሚገኘው የደብረ ዳሞ ገዳም በ6ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ አረጋዊ እንደተመሠረተ ይነገራል። ወደ ገዳሙ የሚወጣው 15 ሜትር ያህል ቀጥ ባለ ገደል ላይ በተንጠለጠለ የቆዳ ጠፍር ነው። ወጪው ጠፍሩን ይዞ ይንጠላጠላል፤ ሌላ ገመድ ወገቡ ላይ ይታሰርና መነኮሳቱ ከላይ ይስቡታል። ጉልበት የከዳው ሽማግሌም በዚሁ ይወጣል። ሴት ግን አይፈቀድላትም፤ እኛ ከታች ቆመን ማየት ብቻ ነው!

በገመድ የሚወጣ ሰው ሁሉ የሚፈራው ገመዱ እንዳይበጠስ ነው። ይህን ፍርሃት ያቃለለው አሜሪካዊው ኤሊሻ ኦቲስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በኒውዮርክ ኤግዚቢሽን ላይ ሕዝብ እያየ ከፍ ብሎ ቆሞ ገመዱን አስቆረጠ። የቆመበት መድረክ ጥቂት ወረድ ብሎ ጥርስ ላይ ተያዘና ቆመ። በ1857 እዚያው ከተማ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ በእንፋሎት የሚሠራ የሰው ሊፍት ገባ። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1923 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ክሪስፐን የሚባል ሰው በሐዲድ ላይ ደረጃውን እየተከተለ የሚወጣ ወንበር ሠራ። ያነሳሳውም ታሞ ከፎቅ መውረድ ያቃተው ወዳጁ ነው ይባላል።

በእኛ አገር ፎቅ ለብዙኃኑ የደረሰው በኮንዶሚኒየም ነው። በአዲስ አበባ ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ ነበር፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃዎች ግን ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ የደረሳት እናት ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክማ የምትወጣው በዚያው ደረጃ ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱትም ጭምር፣ መግቢያ እንዲኖራቸው አዘዘ። በዓመቱ ደግሞ አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጸደቀች። የግል ቤት ግን ለባለቤቱ ሕሊና ተተወ። ስለ ሕዝብ ሕንፃ ካነሳን፣ የራሳችን ቁጠባ የሚቆጠርበት ክፍልስ ፎቅ ላይ አይደለም እንዴ? ደብተራቸውን በልጅ ልጅ የሚልኩ አባላት አሉን፤ ገንዘባቸው ሲቆጠር አያዩም።

ለእማማ መጀመሪያ ያሰብሁት ተዳፋት መወጣጫ ነበር። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመች ተዳፋት ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል። የእኛ ፎቅ ሦስት ሜትር ነው፤ 36 ሜትር ሊሆን ነው፤ ግቢያችን ደግሞ 20 እንኳ አይሞላም። 45 ሳንቲ ሜትር ከፍ ላለ የበር መግቢያ ግን አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ይበቃል፤ ይህን ማንኛውም ግንበኛ ይሠራዋል። የሐዲዱ ወንበር አሁን የሚሠራው በባትሪ ነው። መብራት ሲኖር ይሞላል፤ ሲጠፋም ያወርዳል። ሰው ግን ቁጭ ብሎ መነሳት መቻል አለበት፤ ደረጃውም ቀጥ ያለ ቢሆን ዋጋው ይቀንሳል። በዘይት ግፊት የሚሠራው የቤት ሊፍት ተሽከርካሪ ወንበር ይዞ ይወጣል፤ ጣራው ላይ ግን ቀዳዳ ሊተውለት ይገባል። ቤት የምትጀምሩ እህቶች ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት አስቡበት፤ ከተሞላ በኋላ ኮንክሪት መስበር ነው።

ይህን ሁሉ ለእማማ ዘርዝሬ ነገርኋቸው። አዳምጠው ሲያበቁ «ልጄ፣ ታች ያለው ክፍል የማን ነው?» አሉኝ። የሱቅ ነው። ኪራዩ የልጆቹን ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ እሳቸውን ፎቅ ላይ ያወጣንም ለዚያ ነበር። ውሉ በመስከረም ያልቃል። እንዳናድሰው ለባለቤቴ ነግሬዋለሁ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠኝም።