ኮልት፣ ሬሚንግተን እና ሁለቱንም ያሰረች አንዲት ወረቀት

በጥር 1870 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዩሊሰስ ግራንት፣ ኮንግረሱ አጽድቆ የላከለትን አንድ ሕግ አልፈርምም ብሎ መለሰው። ሕጉ ስለ ቀረጥ ወይም ስለ ድንበር አልነበረም። ሮሊን ኋይት የሚባል አንድ የመሣሪያ ባለሙያ ጊዜው ያለፈበትን ፓተንቱን ለማራዘም እንዲያመለክት ዕድል የሚሰጥ ነበር። ግራንት ከመልሱ ጋር የጦር መሣሪያ ክፍሉ ኃላፊ ጄኔራል ዳየር የጻፈውን ደብዳቤ አያይዟል። ፍሬ ነገሩ፣ ይህ ፓተንት በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ መንግሥትን በበቂ ሁኔታ አስቸግሯልና አሁን ይብቃ የሚል ነው።

ያንን ጦርነት ያሸነፈው ጄኔራል ራሱ ግራንት እንደነበር አትርሱ። ወታደሩ ምን ይዞ እንደተዋጋ ከማንም በላይ ያውቃል።

የድሮ መሣሪያ የሚወዱ ሰዎች ከ160 ዓመት በኋላም «ኮልት ይሻላል»፣ «የለም፣ ሬሚንግተን ነው» እያሉ ይከራከራሉ። የኮልት ስም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በቁጥጥር ሥር ስለዋለ ሕገወጥ መሣሪያ በሚነገር ዜና ላይ «ኮልት ሽጉጥ» ሲባል ስንቴ ሰምተናል? ክርክሩ ደስ ይላል፣ እኔም አስተያየት አለኝ። ነገር ግን ያ ሁሉ ሠራዊት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን እንዲይዝ ያደረገው የሽጉጦቹ ጥራት ብቻ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ሽጉጦቹ። ሪቮልቨር ማለት ብዙውን ጊዜ ስድስት ጉድጓድ ያለው ሲሊንደር ከአፈሙዙ ኋላ እየተሽከረከረ አረሩን በየተራ የሚያቀርብ ሽጉጥ ነው። በ1861 የሰሜኑ ፈረሰኛ ዛሬ የምናውቀውን ባለ ቀለህ ጥይት አያጎርስም። በየጉድጓዱ ከፊት በኩል ባሩድ ይጨምራል፤ በላዩ የእርሳስ አረር ያስቀምጣል፤ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ዘንግ ይጠቀጥቀዋል፤ ከዚያም ከኋላ በኩል ስድስት ትንንሽ የመዳብ ቆቦች አንድ በአንድ ይሰካል። ባሩዱና አረሩ በቀጭን ወረቀት ተጠቅልሎ ቢመጣለት እንኳ፣ ይህን በፈረስ ላይ፣ በዝናብ፣ ጠላት እየመጣ ማድረግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ብዙ ፈረሰኛ ሁለተኛ ሽጉጥ ይፈልግ የነበረው ለዚህ ነው። ማጉረስ ጊዜ ይበላል።

የ1860ው ኮልት ከሲሊንደሩ በላይ ክፍት ነው። አፈሙዙን ከቀረው አካል ጋር የሚያያይዘው በጎን የሚገባ ብረት ሽብልቅ ነው። ቀላል ነው፣ እጅ ላይ ይመቻል፣ ሲሊንደሩ የሚዞርበት ወፍራም ዘንግም ቅባት ስለሚይዝ የባሩድ ጥቀርሻ ቶሎ አያደርቀውም። ችግሩ፣ የተተኮሰው የመዳብ ቆብ ሲሰባበር ስብርባሪው መቺው ውስጥ ይገባና ሽጉጡ ይነክሳል። ሬሚንግተን ከላይም ብረት ስላለው አካሉ አንድ ወጥ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ማነጣጠሪያውም አይነቃነቅም። ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ፒኑን ስቦ ሲሊንደሩን ማውጣት ይቻላል። ግን ያ ፒን ቀጭን ስለሆነ በጥቀርሻ ቶሎ ይይዛል። ሁለቱም ካሊበራቸው 44፣ አፈሙዛቸው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ብጠየቅ ሬሚንግተንን እመርጣለሁ። በጭቃ ውስጥ የሚወድቅ መሣሪያ ጠንካራ አጥንት ይፈልጋል።

መንግሥትን ያሳሰበው ግን ዋጋው ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር ኮልት አንዱን ሽጉጥ በ25 ዶላር ነበር የሚሸጠው። በ1862 ጆሴፍ ሆልትና ሮበርት ዴል ኦወን የሚመሩት ኮሚሽን የጦርነቱን የግዢ ውሎች አንድ በአንድ ሲመረምር ይህ ዋጋ ወደ 14 ዶላር ተኩል ወረደ። ሬሚንግተን ደግሞ 12 ዶላር አለ። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ዕቃ ከኮልት የመጀመሪያ ዋጋ በግማሽ! በየካቲት 1864 ሃርትፎርድ ያለው የኮልት ፋብሪካ ተቃጠለና የመንግሥት ግዢ ወደ ሬሚንግተን አጋደለ። እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ኮልት ከ120 ሺህ በላይ፣ ሬሚንግተን ከ110 ሺህ በላይ ለሠራዊቱ አስረክበዋል።

አሁን ወደ ወረቀቷ እንምጣ። ሳሙኤል ኮልት ራሱ የፓተንት ልጅ ነው። የ1836ቱ ፓተንቱ ተራዝሞለት እስከ 1857 ድረስ ሌላ ሰው ተወዳዳሪ ሪቮልቨር እንዳይሠራ አግዶ ኖረ። በ1851 የማሳቹሴትስ የመሣሪያ ኩባንያን ቦስተን ላይ ከስሶ ረታ። ይህ አልበቃውም፤ ለተጨማሪ ዓመታት ኮንግረሱን ለመነ። ጉዳዩ በ1854 እንደራሴዎች በሽጉጥ ስጦታና በግብዣ ተደልለዋል ወይ ብሎ የሚመረምር ኮሚቴ እስከማቋቋም ደረሰ። ማራዘሚያውንም አላገኘም።

በዚሁ ጊዜ ነው እዚያው ኮልት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮሊን ኋይት፣ ሲሊንደሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተበስቶ ጥይቱ ከኋላ የሚጎርስበትን ሐሳብ ያመጣው። ሐሳቡን መጀመሪያ ለኮልት አቅርቦ ኮልት እንደናቀው ይነገራል። ፓተንቱን በሚያዝያ 1855 አገኘ። አስቂኙ ነገር፣ ኋይት የሳለው ሽጉጥ ራሱ የማይሠራ፣ የተወሳሰበ ነገር ነበር። ዋጋ ያለው ያቺ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተበሳች ጉድጓድ ብቻ ነበረች።

ዋጋዋን የተረዱት ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን ናቸው። በ1856 ከኋይት ጋር ተዋዋሉ፤ በአንድ ሽጉጥ 25 ሳንቲም ይከፍሉታል። በውሉ ላይ ግን አንዲት አንቀጽ አለች፦ ፓተንቱን የጣሰ ካለ ከስሶ የሚሟገተው ኋይት ራሱ ነው፣ በራሱ ወጪ። ትርፉ ለእነሱ፣ ጠበቃው ለእሱ ማለት ነው። በዓመታቱ ውስጥ ወደ 71 ሺህ ዶላር ተከፍሎታል፤ ብዙው በፍርድ ቤት አለቀ። ግራንት ዘንድ የቀረበው ልመናም ከዚህ የመጣ ነው። በግሌ ኋይት ያሳዝነኛል፤ ውሉን ግን ማንም አስገድዶ አላስፈረመውም።

ስለዚህ ጦርነቱ ሲፈነዳ ባለ ቀለህ ጥይት የሚያጎርስ ሪቮልቨር አሜሪካ ውስጥ በሕግ መሥራት የሚችለው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ብቻ ነበር። ኮልትም ሬሚንግተንም እጃቸው ታስሯል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ደግሞ የሚሠራው ካሊበራቸው 22 እና 32 የሆኑ ትንንሽ ሽጉጦችን ነበር፤ ወታደሮች በኪሳቸው ገንዘብ ይገዟቸው ነበር እንጂ ሠራዊቱን ለማስታጠቅ አይበቁም። በተቃራኒው መንግሥት ከፈረንሳይ ባለ ቀለህ ጥይት የሚተኩሰውን የለፎሾን ሪቮልቨር ከ10 ሺህ በላይ ገዝቶ አስገብቷል። አውሮፓ ውስጥ የተለመደውን ነገር የራሱ ፋብሪካዎች እንዳይሠሩት ሕጉ ከልክሏቸዋል።

ሁሉንም ጥፋት በፓተንቱ ላይ መጫን ግን ትክክል አይመስለኝም። በ1861 የነበረው ቀለህ ከስስ መዳብ የሚሠራ፣ ብዙ ባሩድ የማይችል ነበር፤ ለትልቅ ሽጉጥ የሚሆን አስተማማኝ ጥይት በብዛት ማምረት ጊዜ ይጠይቃል። ወረቀቷ ያስቀረችው ሙከራውን ነው። እንደ ኮልትና እንደ ሬሚንግተን ያለ አቅም ያለው ፋብሪካ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ አሻሽሎ የሚማርባቸው አሥራ አራት ዓመታት ባከኑ።

ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ይህንን ያሳያል። ኮልት በ1868 አሌክሳንደር ቱወር የነደፈውን ዘዴ አወጣ፤ ባለ ቀለህ ጥይት ነው፣ ግን የኋይትን ፓተንት ላለመንካት ከፊት በኩል ይጎርሳል! ሐሳቡ ለጠበቃ እንጂ ለተኳሽ የሚመች አልነበረም፤ ገበያ ላይ ወደቀ። ሬሚንግተን በዚያው ዓመት ተፎካካሪውን አስፈቅዶና ከፍሎ የቆዩ ሽጉጦቹን ወደ ባለ ቀለህ መቀየር ጀመረ። ፓተንቱ በሚያዝያ 1869 ሲያበቃ በሩ ተከፈተ፤ በአራት ዓመት ውስጥ ኮልት የ1873ቱን፣ ካሊበሩ 45 የሆነውን ዝነኛ ሽጉጡን ለሠራዊቱ አቀረበ።

ስሚዝ ኤንድ ዌሰንም አልተኛም። በ1870 ያወጣው ትልቁ ሞዴል 3 ከመሐሉ ሲታጠፍ ባዶ ቀለሆቹን በአንዴ ያራግፋል። የአሜሪካ ሠራዊት አንድ ሺህ ገዛ። ሩሲያ ግን በ1871 በአንድ ውል ብቻ 20 ሺህ አዘዘች፣ ትእዛዙም ቀጠለ፤ በኋላ ቱላ ላይ ራሷ ሠራችው፣ በርሊን ያለው የሉድቪግ ሎቨ ፋብሪካም ገልብጦ አመረተላት።

አገር ቤት ያለውን ፉክክር የወሰነችው ጥይት ነበረች። ሻለቃ ጆርጅ ስኮፊልድ ሞዴል 3ን ለፈረሰኛ እንዲመች አሻሽሎት ሠራዊቱ ከ1875 ጀምሮ ወደ 8 ሺህ ገደማ ገዛ። በፈረስ ላይ ሆኖ ለማጉረስ ከኮልቱ በብዙ ይፈጥናል። ግን ሲሊንደሩ አጭር ስለሆነ ረጅሙ የኮልት ጥይት አይገባበትም፤ የስኮፊልዱ አጭር ጥይት ግን ኮልቱ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም «45» የሚል ጽሑፍ ይዘው ከመጋዘን ሲወጡ፣ ስኮፊልድ የታጠቀ ክፍል የኮልት ጥይት ሣጥን ሊደርሰው ይችል ነበር። ሠራዊቱ ከኮልት ጋር ቀረ፤ ስኮፊልዶቹ እንደ ትርፍ ዕቃ ተሸጡ። ከገዢዎቹ አንዱ ዌልስ ፋርጎ ነበር፤ አፈሙዛቸውን አሳጥሮ ገንዘብና ወርቅ ለሚጠብቁ ሠራተኞቹ አደላቸው።