«ጥቁርና ነጭ» ወይስ «ግራጫ እርከን»?

ባለቀለም ምስል በድረ ገጽ ላይ ቀለሙን ጥሎ እንዲታይ የሚያዝዘው የሲኤስኤስ ቃል፣ «ግሬይስኬል»፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ አዘውትሮ «ጥቁርና ነጭ» ይባላል። ስያሜው ከፎቶግራፍና ከቴሌቪዥን የተወረሰ ነው፤ ሆኖም ያሳስታል። በተለመደው የስምንት ቢት ምስል በጥቁርና በነጭ መካከል 254 የግራጫ ደረጃዎች ይገኛሉና።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ትእዛዙን በቀለሙ ስም ብቻ «ግሬይ» ብሎት ነበር። በ2012 በክሮም 18፣ በ2015 በፋየርፎክስ 35 የገባው ግን «ግሬይስኬል» ተባለ፤ መጠኑም ከ0 እስከ 100 በመቶ ይሰጠዋል። የመልክ ስም የነበረው የልክ ስም ሆነ ማለት ነው።

ስሌቱም ይህንኑ ይመሰክራል፦ የቀዩ 0.2126፣ የአረንጓዴው 0.7152፣ የሰማያዊው 0.0722 ተደምረው ግራጫውን ይሰጣሉ፤ ዓይን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ ንቁ ነውና። ስለዚህ በዚህ ስሌት ድምራቸው የተካከለ ቀይና አረንጓዴ አንድ ግራጫ ይሆናሉ። ተርጓሚው በዚህ ዐይነት ካርታ ግርጌ «ቀዩን ይመልከቱ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢው የሚለየው ነገር አያገኝም።

«ግራጫ» ለብቻው፣ ለፈረስም ለአህያም እንደሚነገረው፣ መልክን እንጂ ደረጃን አይገልጽም። «እርከን» ግን ገበሬው በተዳፋት ላይ ከሚሠራው የመጣ በመሆኑ ደረጃን ይዞ ይገባል። ለስሙ «ግራጫ እርከን» ይሻላል፤ ለግሡ «ግራጫ ማድረግ» ይበቃል።