ነጠላና ጉፍታ፤ ስለ ቀድሞ ሴቶች ልብስና ማዕረግ
በበዓል ቀን ከደጀ ሰላሙ ቆመን የሚገባውን ሕዝብ ስናይ ሁሉም ነጭ ለብሶ አንድ ይመስለናል። በአባቶቻችን ዘመን ግን እንዲህ አልነበረም፤ ሴት ወይዘሮ ትሁን ገረድ፥ ባለ ባል ትሁን ልጃገረድ፥ አፍዋን ሳትከፍት ልብስዋ ይናገርላት ነበር።

በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የሸዋ ሠራዊት በሐረርጌ በሰፈረ ጊዜ ሚስቶቹ ያገራቸውን ቀሚስና ነጠላ ይዘው መጡ። ወይዘሮ የሆነች እንደ ሆነ ቀሚስዋ እስከ እግርዋ ይደርሳል፥ ከላይዋ ካባ ትደርባለች፥ በበቅሎ ስትሄድም ፊትዋን ትሸፍናለች። ወፍጮ የምትፈጭና ውሃ የምትቀዳ ሴት ግን ቀሚስዋን በመቀነት ሰብስባ ታስራለች፤ ረጅም ቀሚስ ሥራ ለሌለው እግር ነውና። ወርቅም የመኳንንት ወገን ጌጥ ነበረ እንጂ ለሁሉ የተፈቀደ አልነበረም፤ የቀረችው በብር ትወሰናለች።

በገለምሶ ገበያ ከነጠላው አጠገብ የሚታየው ጉፍታም የራሱ ሕግ አለው። በ1847 ዓ.ም. ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን፥ የከተማይቱ ሴቶች ጠጉራቸውን ከሁለት ከፍለው ከጆሮአቸው ኋላ እንደሚጠቀልሉትና በጥቁር ሰማያዊ ስስ ጨርቅ እንደሚሸፍኑት፥ ልጃገረዶች ግን ሹሩባቸውን በትከሻቸው ላይ እንደሚለቁት ጽፎአል። የሐረርጌ ኦሮሞ ሴትም ስታገባ ጉፍታ ታደርጋለች። የደጋው ልጃገረድም ጋሜዋን የምትተወው ስታገባ ነበረ። ቋንቋው ቢለያይም ነገሩ አንድ ነው፤ የሴት ራስ የባልዋን መኖር ያስታውቃል፥ የወንድ ራስ ግን ማግባቱን አያስታውቅም። ይህን ያስተዋለ ሰው ጥቂት ነው።

እኔን ከሁሉ የሚደንቀኝ ፈትሉ ነው። ጥጡን ባዝታ የምትፈትለው ሴት ናት፤ የሚሸምነው ወንድ ነው። ስለዚህ ቀጭን ነጠላ የለበሰች ሴት የእጅዋን ትዕግሥት፥ ወይም የገረዶችዋን ድካም ለብሳለች። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ ወዲህ ግን የባሕር ማዶ ጨርቅ በዛ፤ ገንዘብ ያላት የነጋዴ ሚስትም ከወይዘሮዋ ጋራ ትስተካከል ጀመር።

በልጅነቴ በተማርሁበት ደብር አንዲት ድኻ እናት ሁልጊዜ ከቅጽሩ ውጭ ቆማ ስታስቀድስ አይቻለሁ። የሚከለክላት አልነበረም። አንድ ቀን ቄሱ «እማማ፥ ይግቡ እንጂ» ቢልዋት «በዚህ?» ብለው የነጠላቸውን ቅዳጅ አሳዩት። እርሱም የሚመልሰው ቃል ቢያጣ ገብቶ ጠበል አመጣላቸው።